የባለሙያው ደጅ

ባለፈው ኅዳር አንድ ማክሰኞ ማታ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ የጎረቤቴ ልጅ የራት ሰሃኑን ገፋ አድርጋ ላፕቶፗን ጠረጴዛው ላይ ከፈተች። ነርስ ናት። ቀድሞ ትኖርበት የነበረው ሌላ ክፍለ ግዛት የሰጣት የሙያ ፈቃድ ሊያበቃ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ስሟን፣ የፈቃድ ቁጥሯን፣ የወሰደችውን ተከታታይ ትምህርት እየሞላች ወረደችና አድራሻ የሚለው ሣጥን ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። «ጋሼ፣ እስቲ ይህችን ይዩልኝ።» ከሣጥኑ ሥር፣ ያለመነጽር በማይነበብ ደቃቅ ፊደል፣ እዚያ የሚሞላው አድራሻ ለጠየቀ ሁሉ ሊሰጥ እንደሚችል ተጽፏል።

ባለፈው ዕድሳት ሳታነበው ያለፈችው ይህንኑ መስመር ነበር። ያኔ የቤቷን አድራሻ ጻፈች። ወር ሳይሞላ በሯ በወረቀት ተጨናነቀ፦ ኢንሹራንስ የሚሸጥ፣ ኮርስ የሚያስተምር፣ ነርስ የሚቀጥር ኤጀንሲ። ቀጥሎ አንድ ሰው ደወለላት፤ ከፈቃድ ሰጪው ቦርድ ነኝ አለ፤ ፈቃድሽ ሊታገድ ነው፣ ዛሬውኑ ካልከፈልሽ ትከሰሻለሽ ብሎ ዛተባት፤ እውነተኛ ለመምሰልም የቤቷን ቁጥር ጠራላት። እንቅልፍ የነሳት ግን ይህ አይደለም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሯን ስትከፍት መሬት ላይ የቸኮሌት ሣጥንና ካርድ አገኘች። ያስታመመቻቸው አንድ ሽማግሌ ልጅ የጻፈው ምስጋና ነው። ክፉ ቃል የለበትም። «ግን ጋሼ፣ ቤቴን ማን ነገረው?»

ከደብረ ማርቆስ የመጡት እናቷ ሁለተኛውን ቡና እየቀዱ ሰሟት። «ሐኪም ደጁ ካልታወቀ ምኑን ሐኪም ሆነ?» አሉ። ልመልስላቸው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ለብዙ መቶ ዓመታት እውነቱ እሳቸው እንዳሉት ነበርና።

ደጅ በቋንቋችን በርና ግቢ ብቻ አይደለም። ደጃዝማች የሚለው ማዕርግ ከደጅ የወጣ ነው። አቤት ባይ ከሹም በር ላይ ወር ከመንፈቅ የሚቆምበት ልማድ ደጅ ጥናት ይባላል። ቤተ ክርስቲያንም ደጀ ሰላም አላት። የዳኛው ችሎት ብዙ ጊዜ የገዛ ግቢው፣ ወይም ከግቢው ፊት ያለው ዛፍ ጥላ ነበር። ወጌሻው፣ መድኃኒት ዐዋቂው፣ አዋላጇ ከቤታቸው የተለየ የሥራ ቦታ አልነበራቸውም። እግሩ የተሰበረ ልጁን የተሸከመ ገበሬ «ከማርያም ጀርባ፣ ከወርካው ዝቅ ብሎ» ይባላል፤ ይደርሳል። አጥንቱ ጠሞ ቢገጥም ተመልሶ የሚሄደውም ወደዚያው ደጅ ነው። ወጌሻው ወዴት ይሸሻል? ርስቱ እዚያ፣ ጎረቤቱ እዚያ፣ የሚቀበርበት ደብር እዚያ። ዛሬ ፈቃድ የምንለው ወረቀት የሚሠራውን ሥራ ያኔ የሚሠራው የደጁ መታወቅ ነበር።

በዚያ ሥርዓት ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የምንዘነጋው አንድ ሌላ ነገር ነበር። መንገዱን ያመላከተው ሰው ጠያቂውን ያየዋል። «ከየት መጣህ? የማን ልጅ ነህ? ምን ገጠመህ?» ይለዋል። መልሱ ካላማረው «አላውቀውም» ብሎ ይሸኘዋል፤ ወይም ራሱ አብሮ ይሄዳል። ፀጉረ ልውጥ የሚለው ቃላችን ከዚህ ኑሮ የተወለደ ነው። ደጁ ክፍት ነበር፤ የሚያስገባው መንገድ ግን ዓይን ነበረው። ባለሙያው ለጠያቂው የታወቀውን ያህል ጠያቂውም ለሠፈሩ የታወቀ ነበር። ከዚህ በኋላ የምተርከው ሁሉ፣ በእኔ ግምት፣ የመጀመሪያው ግማሽ እየተጻፈና እየታተመ ሲሄድ ሁለተኛው ግማሽ እንዴት እንደተጣለ ነው።

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በደጁና በመዝገቡ ዘመናት መካከል የቆሙ ሰው ናቸው። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ በእንግሊዞች እጅ ሕፃን ሳሉ ተወስደው ህንድ አገር አደጉ፤ ቻርልስ ማርቲን ተባሉ፤ በላሆርና በኤድንበራ ሕክምና ተማሩ። ከዐድዋ ድል በኋላ አገራቸውን ሊያዩ ሲመጡ አዲስ አበባ ላይ ድንኳን ተክለው ሕሙማንን ያክሙ እንደነበር ይነገራል። ድንኳን መዝጊያ የለውም። የመጣ ሁሉ ያያቸዋል፤ እሳቸውም የመጣውን ሁሉ ያዩታል። ሕክምና የተማሩባት ብሪታንያ ግን በዚያን ጊዜ ከዚህ በጣም የራቀ ሥርዓት ዘርግታ ነበር።

የብሪታንያ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1858 የሕክምና ሕግ ሲያወጣ ምክንያቱን በመግቢያው ላይ አስቀምጦታል፤ ሐኪም የሚፈልግ ሰው የተማረውን ካልተማረው መለየት እንዲችል። ለንደን ያን ጊዜ «የማን ልጅ ነህ» የማይባልባት ከተማ ሆናለች። መድኃኒት ነው ብሎ ቀለም የሚሸጠውና ዓመታት የተማረው ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ በሽተኛው ሁለቱንም አያውቅም። ስለዚህ ሕጉ በየዓመቱ መጽሐፍ እንዲታተም አዘዘ፦ የሐኪሞች ስም በፊደል ተራ፣ የትምህርት ማዕርጋቸው፣ መኖሪያቸው። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1859 ወጣ።

መኖሪያቸው! ዛሬ ስናነበው ያስደነግጠን ይሆናል፤ ያኔ ግን የሚገርም አልነበረም። የዚያ ዘመን ሐኪም በበሩ ላይ የነሐስ ሰሌዳ ሰቅሎ በፊት ለፊቱ ክፍል በሽተኛ የሚቀበል ሰው ነው። ቤቱን ማተም ክሊኒኩን ማተም ነበር። የመዝገቡ ሐሳብም ክቡር ነው፤ ደኻው ከአጭበርባሪ እንዲድን የተደረገ ነው። አሜሪካኖች ተመሳሳይ መንገድ ሲይዙ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በ1889 በዌስት ቨርጂኒያው የዴንት ጉዳይ ላይ አንድ ክፍለ ግዛት ፈቃድ የሌለውን ሐኪም ከሥራ መከልከል ይችላል ብሎ ፈረደ። ከዚያ ወዲህ ፈቃድ መስጠት የየክፍለ ግዛቱ ሥልጣን ሆኖ ቀርቷል። ይህችን ነገር አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሙያን ከቤት አወጣው። ሐኪሙ ሆስፒታል ገባ፤ ነርሷ፣ ፋርማሲስቱ፣ ኢንጂነሩ ድሮውንም በቤታቸው ደንበኛ አይቀበሉም። ፈቃድ የሚጠየቅበት ሙያም እየበዛ ሄዶ ፀጉር አስተካካዩና ታክሲ ነጂው ጋ ደረሰ። የመኖሪያ አድራሻ የሚለው ሣጥን ግን ከፎርሙ ላይ አልወጣም። ማንም ክፉ አስቦ አይመስለኝም። ቢሮ ውስጥ የሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው ፎርም ከፎርም ይገለበጣል፤ አዲሱ ጸሐፊ የአሮጌውን ሣጥኖች ይወርሳል፤ ሣጥኑ ለምን እንደተሠራ የሚያስታውሰው ሰው ጡረታ ወጥቷል።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1966 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የመረጃ ነጻነት ሕግን ፈረሙ። መንግሥት የያዘው መዝገብ የሕዝብ ነው፣ የጠየቀ ያገኛል የሚለው ሐሳብ ትልቅ ድል ነበር፤ ክፍለ ግዛቶችም የየራሳቸውን የመዝገብ ሕግ በዚሁ መንፈስ አሰፉ። ኮምፒውተር በየቢሮው መግባት ሲጀምር ደግሞ ሌላ ስጋት መጣ። በ1973 ለጤና፣ ትምህርትና ደኅንነት ሚኒስቴር የተዘጋጀ አንድ የኮሚቴ ዘገባ እስከ ዛሬ የዓለም የዳታ ሕጎች የሚጠጡበትን ምንጭ ቆፈረ፤ ለአንድ ጉዳይ የተሰጠ መረጃ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለሌላ ጉዳይ አይዋል አለ። በታኅሣሥ 31 ቀን 1974 ፕሬዚዳንት ፎርድ ይህንኑ ሐሳብ የግላዊነት ሕግ አድርገው ፈረሙት። ሕጉ የሚገዛው ግን የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ነው። የሙያ ፈቃድ የሚሰጠው ደግሞ፣ ቅድም እንዳልኩት፣ ክፍለ ግዛቱ ነው። ነርሷ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከጃንጥላው ውጭ ቆመች ማለት ነው።

ፎርድ በፈረሙ በሰባተኛው ወር፣ በሐምሌ 1967 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ላይ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ታወጀ፤ ቀበሌዎችም ተቋቋሙ። ቤቶች ቁጥር ተለጠፈባቸው፤ ቤተሰብ በስም ተመዘገበ። መዝገቡ ለቤት ኪራይ ጠቀመ፤ ለስኳርና ለዘይት ራሽን ጠቀመ። ሰው ስሙን ያስመዘገበው ስኳር ሊገዛበት ነው። በ1969 ዓ.ም. በከተማው ወጣቶችን የሚለቅም አሰሳ ሲታወጅ ግን ቤት ለቤት የሚዞሩትን መንገድ የሚመሩት እነዚያው ቀበሌዎች ነበሩ። ማን ከማን ጋር እንደሚኖር፣ የትኛው ቤት ጎልማሳ ልጅ እንዳለው ያውቁ ነበር። ዋሺንግተን ላይ ኮሚቴ በቀለም የጻፈውን እኛ በልጆቻችን ተማርነው። በዕድሜ የገፋን አዲስ አበቤዎች መዝገብ የሚባል ነገር ሲነሳ ድምፃችንን ዝቅ የምናደርገው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለልጆቻችን ግን ምክንያቱን በቅጡ አልነገርናቸውም።

እ.ኤ.አ. 1989 ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት መጋቢት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ረቂቅ ነገር ተናገረ። ጋዜጠኞች ኤፍ ቢ አይ የያዘውን የአንድ ሰው የወንጀል ታሪክ ጠይቀው ነበር። ዝርዝሩ በየፍርድ ቤቱ መዝገብ ተበትኖ ለማንም ክፍት ነው፣ ታዲያ ተሰብስቦ ቢሰጠን ምን አለበት ነው ክርክራቸው። ዳኞቹ አልተቀበሉትም። በየአውራጃው ቢሮ አቧራ ለብሶ የተበተነ ወረቀትና በአንድ ኮምፒውተር የተሰበሰበ መረጃ አንድ አይደሉም አሉ። የመጀመሪያው ክፍት ቢሆንም ድካሙ ራሱ ጠባቂው ነው። ወርካው ሥር ተቀምጦ «የማን ልጅ ነህ» የሚለውን ሽማግሌ ሥራ፣ በከፊልም ቢሆን፣ ያ አቧራ ሲሠራው ኖሯል።

በዚያው ዓመት ሐምሌ 18 ቀን ሎስ አንጀለስ ውስጥ ርቤካ ሼፈር የምትባል የ21 ዓመት ተዋናይት በር ተደወለ። የደወለው በቴሌቪዥን አይቷት ልቡ የታወረ ሰው ነው። አንድ የግል መርማሪ 250 ዶላር ተቀብሎ የቤቷን አድራሻ ከካሊፎርኒያ የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት አውጥቶለታል። መጀመሪያ ሲመጣ በጨዋነት አናግራ ሸኘችው። ተመልሶ ሲመጣ በሩን ከፈተች፤ ተኮሰባት። መሥሪያ ቤቱ የሠራው ስሕተት አልነበረም። በዚያን ጊዜ ደንብ መሠረት ጥቂት ከፍሎ ለጠየቀ መስጠት ሥራው ነው።

ሕጉ ለመውጣት አምስት ዓመት ወሰደ። በምክር ቤቱ የገፉት የሰሜን ቨርጂኒያው ተወካይ ጂም ሞራን ነበሩ፤ አሌክሳንድሪያን ጨምሮ ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው ሠፈሮች ተመራጭ። በ1994 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት የአሽከርካሪዎች ግላዊነት ሕግ የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቶች አድራሻን በሕግ ከተዘረዘሩ ምክንያቶች ውጭ እንዳይሰጡ ከለከለ። ጠያቂው ለምን እንደፈለገው መናገር አለበት። የተጣለው ጥያቄ በአንድ መስኮት ተመለሰ ማለት ነው። ክፍለ ግዛቶች ሥልጣናችን ተነካ ብለው ቢከራከሩም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2000 በሙሉ ድምፅ ሕጉን አጸናው። ከጎኑ ያለው መስኮት ግን እንደተከፈተ ቀረ። ያችው ነርስ መኪና ስትነዳ አድራሻዋ ይቆለፋል፤ መርፌ ስትወጋ ይከፈታል።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በየጊዜው ራሱን የሚደግም ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ውርጃ የሚያከናውኑ ሐኪሞችን ስምና ዝርዝር የሚያወጣ አንድ ዌብሳይት ነበር፤ የቆሰለው ሐኪም ስም በግራጫ ይቀባል፣ የሞተው ላይ መስመር ይሰመርበታል። ጥቅምት 23 ቀን 1998 ዶክተር ባርኔት ስሌፒያን ኒው ዮርክ አምኸርስት ከምኩራብ ተመልሰው ወጥ ቤታቸው ውስጥ ቆመው ሳለ በመስኮት በተተኮሰ ጥይት ተገደሉ፤ መስመሩ በስማቸው ላይ ሲሰመር ሰዓታትም አልፈጀ። ስለ ውርጃ ያለን አቋም የተለያየ ሊሆን ይችላል። የሐኪም ወጥ ቤት መስኮት ግን የክርክር መድረክ አይደለም። ካሊፎርኒያ ከቤት ውስጥ ጥቃት ለሸሹ ሰዎች በ1999 የጀመረችውን አድራሻ የመሸፈን ፕሮግራም ቆየት ብላ ለእንዲህ ያሉ የጤና ሠራተኞችም ከፈተችው። በ2020 መስከረም፣ የኮሮና ክልከላ ያናደዳቸው ሰዎች በየቤታቸው እየሄዱ ለሚያስፈራሯቸው የጤና ኃላፊዎችም እንዲሁ።

በዚያው በ2020 ሐምሌ 19 ቀን ኒው ጀርሲ ውስጥ ዕቃ አድራሽ መስሎ የመጣ ሰው የፌዴራል ዳኛ ኤስተር ሳላስን በር ደወለ። የከፈተው የ20 ዓመት ልጃቸው ዳንኤል ነበር። ልጁ ሞተ፤ አባቱ ቆሰሉ። ገዳዩ ራሱ ባለ ፈቃድ ጠበቃ ነበር፤ በዳኛዋ ችሎት ጉዳይ ነበረው። ኒው ጀርሲ በአራት ወር ውስጥ በልጁ ስም ሕግ አወጣች፤ የፌዴራሉ ሕግ በታኅሣሥ 2022 ተከተለ። ዳኞች፣ ዐቃብያነ ሕግ፣ ፖሊሶች ተጠበቁ። ይገባቸዋል። ግን ልብ ይባል፦ ተዋናይቷ ስትሞት አሽከርካሪው ተጠበቀ፣ የዳኛዋ ልጅ ሲሞት ዳኛው ተጠበቀ። ከሠላሳ ዓመት በላይ አንድ አጥር በአንድ መቃብር ልክ ሲታጠር ኖረ። ምክር ቤት ገብቶ የሚጮኽለት የሌለው ባለሙያ፣ የሌሊት ፈረቃዋ ነርስ፣ የአእምሮ ሕሙማን የምታስታምም ረዳት፣ የራሷን መቃብር እንድትጠብቅ የተነገራት ይመስላል።

አንዳንዱ ደጅ ደግሞ ማንም ሳያስብ ይከፈታል። እዚህ ዋሺንግተን ታክሲ የሚነዳ ዘመድ የሌለው አበሻ ብዙ ስለማይገኝ ይህን ብነግር ይፈቀድልኝ። በ2014 የኒው ዮርክ ከተማ የታክሲ ተቆጣጣሪ በመረጃ ሕግ ተጠይቆ በ2013 የተደረጉ 173 ሚሊዮን ያህል የታክሲ ጉዞዎችን ዝርዝር ሰጠ። የሾፌሩን ፈቃድ ቁጥር በማይነበብ ምልክት ቀይሮት ነበር። ቁጥሩ ግን አጭር ነው። አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ሊኖሩ የሚችሉትን ቁጥሮች በሙሉ በዚያው ስሌት አሳልፎ በጥቂት ሰዓት ውስጥ መልሶ አነበበው። የሾፌሮች ስምና ፈቃድ ቁጥር ቀድሞውንም በሌላ ዝርዝር ይፋ ነው። ሁለቱን ያጋጠመ ሰው አንድ ሾፌር በቀን ስንት እንደሠራ፣ ሥራውን የት ጀምሮ የት እንደሚጨርስ፣ ከዚያም በግምት ቤቱ የት ሠፈር እንደሆነ ማወቅ ይችላል። ባለሥልጣኑ አድራሻ አልሰጠም፤ አድራሻው ግን ወጣ።

ለዚህ ሁሉ መልሱ መዝገቡን መዝጋት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ከእነሱ ጋር አይደለሁም። በኛው ሠፈር ጠበቃ ሳይሆን የጥገኝነት ማመልከቻ የሚሞላ፣ ሒሳብ ዐዋቂ ሳይሆን ታክስ የሚሠራ ስንት ሰው አለ! አንዲት እህት ያጠራቀመችውን ከፍላ፣ ጉዳይዋ ከተበላሸ በኋላ ነው ሰውዬው ፈቃድ እንዳልነበረው የሰማችው። በፈቃድ ሰጪው ዌብሳይት ላይ ስሙን ብትጽፍ ኖሮ በአንድ ደቂቃ ባወቀች። የለንደኑ የ1858 ሐሳብ ዛሬም ሕያው ነው። ስሙ፣ የፈቃድ ቁጥሩ፣ ፈቃዱ የጸና ይሁን የታገደ፣ ቅጣት ይኑርበት አይኑርበት፣ ይህ ሁሉ የሕዝብ ነው፤ ይህን ሊደብቅ የሚፈልግ ቦርድ ካለ ጋዜጠኛው ይክሰሰው። ቤቱ ግን የሕዝብ አይደለም። ያንኑ መጽሐፍ በየዓመቱ ሲያሳትም የኖረው የብሪታንያ የሕክምና ምክር ቤት ራሱ ዛሬ በኢንተርኔት በሚያወጣው መዝገብ የሐኪምን አድራሻ አያወጣም። ይህን በማድረጉ ሐሰተኛ ሐኪም የተጠቀመ አይመስለኝም።

የካሊፎርኒያ ሕግ በዚህ በኩል ቀላል መንገድ አለው። ፈቃድ ሰጪ ቦርዶች አንድ አድራሻ ይፋ ያደርጋሉ፤ ባለሙያው ግን በቤቱ ፈንታ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ወይም ሌላ አድራሻ ማስመዝገብ ይችላል። ቦርዱ ለራሱ ሥራ፣ ጥሪ ለማድረስ ሆነ ለምርመራ፣ ትክክለኛውን መኖሪያ ሊጠይቅ ይችላል፤ ያን ግን ለሌላ አያወጣም።

ይህን ሳነብ ሣቄ መጣ። የፖስታ ሣጥን! ፖ.ሣ.ቁ. ያልታተመበት የኢትዮጵያ ደብዳቤ አርእስት አይታችሁ ታውቃላችሁ? በ1886 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ የተመሠረተው ፖስታችን ቤት ለቤት ማደል አልለመደም። ስለዚህ መምህሩም፣ ነጋዴውም፣ ሐኪሙም በሣጥን ቁጥር ይታወቅ ነበር። ቁጥሩ ሰውዬውን ያገናኛል፤ ቤቱን አይናገርም። ቤቱን የፈለገ ወደ ሠፈሩ መጥቶ ሰው ይጠይቃል፤ ይጠየቃልም። በድህነት ምክንያት ያገኘነው ሥርዓት በኋላ ሌሎች በሕግ የሚፈልጉት ሆነ። እኛ ግን እንደ ኋላ ቀርነት ቆጥረን ልንተወው ነው።

አሁን አገር ቤት ፈቃድ በኢንተርኔት ይታደሳል፤ ዲጂታል መታወቂያ እየተስፋፋ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥትን መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቷል። አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የግል ዳታን የሚጠብቅ የመጀመሪያው ሙሉ ሕጋችን ሆኗል፤ ለአንድ ዓላማ የተሰበሰበ ለዚያው ይዋል የሚለው የ1973ቱ የአሜሪካ ኮሚቴ ቃል በአማርኛ ተጽፎ ይገኝበታል፤ ተቆጣጣሪው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከአሜሪካው የሚሻልበት ነገር አለው፤ ዳኛ ወይም ሾፌር ብሎ ሳይከፋፍል ሰውን ሁሉ በአንድ ጣራ ሥር ያስገባል። ለዚህ መቃብር አልጠበቅንም ብዬ ልኮራ ነበር፤ የ1969ኙን አሰሳ ሳስታውስ ተውኩት።

ልማዱ ግን ገና ከአዋጁ ጋር አልተዋወቀም። ባለፈው ዓመት በአንድ የቴሌግራም ቻናል የተለቀቀ የፈቃድ ዕድሳት ዝርዝር አየሁ። በስልክ ካሜራ ተነሥቶ የተለጠፈ ወረቀት ነው፤ ጥጉ ላይ የአንሺው አውራ ጣት ይታያል። ሙሉ ስም ከነአያት፣ የሙያ ዓይነት፣ የሞባይል ቁጥር፣ ወረዳና ቀበሌ። የለጠፈው ጸሐፊ ውለታ የዋለ መስሎት ነው፤ ሰዎቹ ከሩቅ ሳይመጡ ስማቸው መውጣቱን እንዲያዩ። በአገራችን ግን ስም ብዙ ይናገራል። አንባቢው ከስሙ ተነሥቶ ዘር ይቆጥራል፣ ሃይማኖት ይገምታል። መንገድ በተዘጋበት፣ ጤና ጣቢያ በሚዘረፍበት ወረዳ ውስጥ የነርስ ስም ከነቀበሌዋ ሺህ ሰው ስልክ ውስጥ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን አሜሪካ ሄዶ መማር አያስፈልግም። ዛሬ ማታ የስልክና የቀበሌውን ዓምድ በወረቀት ሸፍኖ ፎቶ ማንሣት ይቻላል። አዋጁ የሚጀምረው ከዚያ ወረቀት ነው።

ከዚያ የኅዳር ማክሰኞ በኋላ፣ ቅዳሜ ጠዋት የጎረቤቴን ልጅና እናቷን ይዤ ፖስታ ቤት ሄድኩ። ሠራተኛዋ ሁለት መታወቂያ ጠየቀች፤ የቤት አድራሻዋን አስጻፈቻት፤ ከመታወቂያው ጋር አስተያየችው፤ ፎርሙን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ሁለት ትንንሽ ቁልፍ ሰጠቻት። ልጅቱ እዚያው ቆማ በስልኳ የፈቃዷን ገጽ ከፈተችና የሣጥኑን ቁጥር ሞላች።

እናቷ አንዱን ቁልፍ ተቀብለው በመዳፋቸው አገላበጡት። ሟች ባለቤታቸው ደብረ ማርቆስ መምህር ነበሩ።

«የአባትሽ ከዚህ ይከብድ ነበር» አሉ።